ቤቶች ሳይሉ መግባት

የእኛ አገር ሰው የሰው ደጅ ሲደርስ ዘሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ደጆች!» የሚል ድምፅ እስኪመለስለትም ይጠብቃል። ገበያ ውሎ የመጣ ጎረቤት ይጣራል። ዕዳ ሊጠይቅ የመጣ ይጣራል። ባለጋራ እንኳ ቢሆን ደጅ ላይ ቆሞ ነው «ውጣ!» የሚለው። ይህን ሥርዓት ያወጣው ፓርላማ አይደለም፤ በነጋሪት ጋዜጣም አልታተመም። ይሁን እንጂ ጎጆ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ደጃፍ ማለት የአንዱ ሥልጣን የሚያበቃበት፣ የሌላው የሚጀምርበት መስመር ነው።

«ቤቶች» ሳይል መግባት መብቴ ነው ብሎ የሚያስብ አንድ አካል ቢኖር ሕግ አስከባሪ ተብሎ የሚጠራው ነው። የዛሬው ሙግቴ ከእሱ ጋር ነው። ከእሱ ይልቅ ግን «ይግባ፣ ምን አለበት?» ከምንለው ከእኛው ጋር ነው።

ነገሬን ሳልጀምር አንድ ነገር ላስቀድም። ፖሊስ አይፈትሽ አላልኩም። የተሰረቀ ዕቃ የሚገኘው፣ የተደበቀ መሣሪያ የሚወጣው በፍተሻ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማንን? በምን ምክንያት? በማን ትእዛዝ? በስንት ሰዓት? ምን ለማግኘት? ለእነዚህ ለአምስቱ መልስ ያለው ፍተሻ የሕግ ሥራ ነው። መልስ የሌለው ፍተሻ ግን የደንብ ልብስ የለበሰ ወረራ ነው።

ሕጉ ሳይኖረን ቀርቶ ነውን?

አይደለም። እንዲያውም በወረቀት ከሄድን እኛን የሚያክል ቤቱ የተከበረለት ሕዝብ ጥቂት ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕግ ከወሰነው በቀር የሰው ቤት አይበረበርም ብሎ ነበር። በ1948 የተሻሻለው ደገመው። በ1980 የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም የዜጎች ቤት የማይደፈር መሆኑን ጻፈ። በ1987 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ በእጁ ያለ ንብረቱም ከመያዝ የመጠበቅ መብት አለው አለ፤ ደብዳቤውን፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነቱን ሳይቀር ጨመረበት። ንጉሠ ነገሥቱም፣ ደርጉም፣ ኢሕአዴጉም በምንም በማይስማሙበት አገር በዚህ አንድ ነገር ተስማምተዋል ማለት ነው... በወረቀት ላይ።

ከሕገ መንግሥቱ ወረድ እንበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ አይደፈርም ይላል። ዝርዝሩ ያለው ግን በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 32 እና 33 ነው። ሕጉ «ብርበራ» ይለዋል፤ ሰዉ «ፍተሻ» ይለዋል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች የከተማ ሰው ሁሉ እንደ ስልክ ቁጥሩ በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል ባይ ነኝ። ምን ይላሉ?

የተያዘ ሰው ገላው የሚፈተሸው ለጉዳዩ ማስረጃ የሚሆን ነገር ይዟል ተብሎ በምክንያት ሲጠረጠር ብቻ ነው፤ ፈታሹም ፆታው ከተፈታሹ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቤት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥራት አለበት፤ ፖሊሱም በትእዛዙ ላይ ያልተጻፈ ነገር መውሰድ አይችልም። የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ዝርዝሩንም በተቻለ መጠን ከነገሩ ነጻ የሆነ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይደረጋል።

ያለ ትእዛዝ መግባት የሚቻልባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ወንጀለኛ ሲባረር ቤት ውስጥ ከገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ከጣለ ነው። ሁለተኛው፣ ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው አንድ ቦታ መደበቁን በበቂ ምክንያት የሚያስጠረጥር ጥቆማ ሲደርስ፣ ትእዛዝ እስኪወጣም ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት ሲኖር ነው።

ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው በር ሦስት ቁልፍ አለው፤ የወንጀሉ ክብደት፣ የጥቆማው ጥንካሬ፣ የጊዜው አስቸኳይነት። ሦስቱም ካልዞሩ አይከፈትም። ነገር ግን ቁልፉን የሚያዞረው ማን ነው? ራሱ ፈታሹ። ከዞረ በኋላስ በትክክል ዞሯል ወይ ብሎ የሚጠይቀው? ሕጉ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ያለ ትእዛዝ የተበረበረ ቤት ግን በ48 ሰዓትም በ48 ቀንም ዳኛ ፊት አይቀርብም። ልዩ ሁኔታ ተብሎ የተተወው ቀዳዳ ዋናውን በር የሚያክለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌባ ሻይ እስከ አሰሳ

ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ልማዱ ለምን ሌላ ሆነ? እኔ መልሱን ከሕጉ በፊት ከነበረው ዘመን እጀምራለሁ።

ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ይሰረቃል። የሌባ ሻዩ አለቃ ይጠራል። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፤ ልጁ አእምሮውን ስቶ እየተወላገደ መንደር ለመንደር ይሄዳል፣ ከቤት ቤት ይገባል። ከወደቀበት ቤት ሌባው ተገኘ ይባላል። ባለቤቱ ያን ቀን እርሻ ላይ ይዋል፣ ደዌ ላይ ይሁን፣ የሚጠይቅ የለም። ከፋዩ እሱ ነው። ይህ ልማድ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ቀረ። ስንሰማው ያስቀናል፤ «አይ ያ ዘመን!» ብለን እንስቃለን።

ለመሆኑ የሚያስቀው ምኑ ነው? ልጁ መስከሩ ነው? አይመስለኝም። ጥርጣሬው ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። «ለምን ይህ ቤት?» ተብሎ ቢጠየቅ አለቃው «እኔ ምን አውቄ፣ ልጁ ነው የገባው» ይላል። ልጁ ደግሞ አያውቅም፤ ሰክሯል። ምክንያት የለም፤ ምክንያት ባለመኖሩም ተጠያቂ የለም። የብርበራ ትእዛዝ የተፈለሰፈው ይህን ለመግደል ነው። ትእዛዝ ማለት አንድ ፖሊስ ዳኛ ፊት ቆሞ «እኔ እከሌን፣ በዚህ በዚህ ምክንያት ጠርጥሬዋለሁ» ብሎ ጥርጣሬውን በስሙ የሚያስመዘግብበት ወረቀት ነው። ጥርጣሬ ባለቤት አገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ አንጻር የኋላ ታሪካችንን እንየው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውን የቤት ለቤት አሰሳ እኔ አላየሁም፤ አልተወለድኩም። ያዩት ሲያወሩት ግን አድጌያለሁ። ከተማው ተዘጋ። ታጣቂና የቀበሌ ጥበቃ በቡድን በቡድን ሆኖ ቤት ለቤት ገባ። የሚፈለገው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና የወረቀት ማባዣም ይፈለግ ነበር። ሰዉ አሰሳው ሳይደርስበት መጻሕፍቱን ምድጃ ውስጥ ማገደ፤ ያልነደደለት ሽንት ቤት ከተተ። የአንድ ትውልድ ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ግጥም በዚህ መንገድ ሄደ። ከሥነ ጽሑፋችን የጎደለውን ስንቆጥር ሳንሱር የቀደደውን እንቆጥራለን፤ ባለቤቱ ፍተሻን ፈርቶ በገዛ እጁ ያቃጠለውን ግን ማን ይቆጥራል?

ያ ዘመን አለፈ እንበል። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ደግሞ «ድንገተኛ ፍተሻ» የሚል አንቀጽ አመጣ። ለዚህ ፍተሻ ፈቃድ የሚሰጠው ዳኛ አልነበረም፤ የፌዴራል ፖሊስ ኃላፊው ወይም እሱ የወከለው ሰው ነበር። ፈታሽም ፈቃጅም ከአንድ መሥሪያ ቤት! አዋጁ በ2012 በሌላ አዋጅ ተተካ። መሀል ላይ ግን በ2009 እና በ2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች መጡ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ተከተሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ መጀመሪያ ከሚታጠፉት ነገሮች አንዱ የብርበራ ትእዛዝ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩ መብቶችን ቆጥሮ አስቀምጧል፤ አንቀጽ 26 ከተቆጠሩት ውስጥ የለም።

አንድ አጋጣሚ ልንገራችሁ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣው በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ልክ በ60 ዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአገር አቀፍ ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መፈተሽም ተፈቀደ። ጦርነት ነበር፤ ሥጋቱም ተረት አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ግን ምን ሆነ? የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በዚያው ወር በአዲስ አበባ የሚደረገው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል አስታወቀ። ተመልከቱ! «ምን አደረገ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ በቦታው የሚተካው «ማን ነው?» የሚለው ነው። ዳኛው ከመሀል ሲወጣ ሌባ ሻዩ ተመልሶ ይገባል።

የደረጃ ምስክሩ

ይህን ሁሉ ስል የአዋጅ ዘመን ብቻ እያወራሁ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ያለው በሰላሙ ቀን፣ በተራ ጉዳይ ላይ ነው።

ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ሞባይል እየጠገነ የሚያድር ጎረቤት ነበረኝ። አንድ እሑድ ጧት ሁለት ፖሊሶችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው መጥተው ቤቱ ገቡ። የተሰረቀ ስልክ ነበር የሚፈልጉት። ገብተው፣ ገልብጠው፣ ፈትሸው ከጨረሱ በኋላ ነው የኔ በር የተንኳኳው።

«አንተ ልጅ፣ ና ለምስክርነት ትፈለጋለህ።»

ሄድኩ። ጎረቤቴ ባዶ እግሩን በሩ ላይ ቆሟል። አልጋው ላይ አምስት ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ የደምበኞቹን ስም የሚጽፍበት ደብተር ተደርድሯል። ዝርዝሩ ተጽፎ አልቋል። የቀረው ፊርማ ነው።

«ሲገኝ አላየሁም፤ ሳላይ ምን ብዬ ልፈርም?» አልኩ። «ትእዛዙስ ላፕቶፕና ደብተር ይላል ወይ?»

«ስማ፣ አንተ ታዛቢ ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም!» አለኝ ሲቪል የለበሰው።

አከራያችን ከኋላዬ ክንዴን ይዘው «ፈርምላቸውና ይሂዱ ልጄ፤ ነገር አታብዛ» አሉኝ በሹክሹክታ። አልፈረምኩም። እኔ ባልፈርም ግን ምን ሆነ? ከበር ላይ ሌላ ሰው ተጠራ። ዳቦ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ነበር። ፌስታሉን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ እጁ ፈረመ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ሰውየውን አልኮንነውም። ዳቦው ይቀዘቅዛል፤ ልጆቹ ይጠብቁታል። ግን ያቺ ፊርማ የምትሄድበትን እናስብ። ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕጉ «በደረጃ ምስክሮች ፊት የተገኘ» ብሎ ይጽፋል። ዳኛው ያነበዋል። «ነጻ ሰው አይቶ ይፈርምበት» ያለው ሕግ ተፈጸመ ይባላል። ሕጉ የፈለገው ዓይን ነበር፤ ያገኘው እጅ ብቻ ነው። ጎረቤቴስ? የተፈለገው ስልክ እሱ ጋ እንዳልነበር ታወቀና በአራተኛው ቀን ተለቀቀ። ደብተሩ ግን ሳይመለስ ቀረ፤ የሰው ስልክ ይዞ ጠፋ ተብሎም ደምበኞቹን አጣ። ለዚህ ካሳ የጠየቀለት የለም፤ እሱም አልጠየቀም። «ተመስገን ነው፣ ወጣሁ» አለኝ። እኔን ከሁሉ በላይ ያቆሰለኝ ይህ «ተመስገን» ነው። በሕግ የተረጋገጠለትን መብት እንደ ምሕረት ተቀበለው።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ይህን ክርክር ካነሣሁ ከወዳጆቼ የማገኘው መልስ አንድ ነው። «የምትደብቀው ከሌለህ ምን ያስፈራሃል? ይፈትሹ!» ይሉኛል።

በመጀመሪያ፣ የሚደበቅ የሌለው ሰው አላየሁም። የምንደብቀው ሁሉ ወንጀል አይደለም። የታመመ ሰው የሐኪም ወረቀቱን ይደብቃል። የተጣሉ ባልና ሚስት ደብዳቤያቸውን ይደብቃሉ። እናት ለልጇ መዳሪያ የቆጠበችውን ብር ሣጥን ሥር ትደብቃለች። እኔ ያልጨረስኩትን ጽሑፍ እደብቃለሁ። ገመና የሚባል ቃል ያለው ሕዝብ እኮ ነን! ገመናን መሸፈን ምግባር ነው ብለን ልጆቻችንን የምናሳድግ ሰዎች፣ ደንብ ልብስ ሲመጣ መሸፈኑ ወንጀል ነው እንላለን?

ሁለተኛ፣ ጥያቄው የተገለበጠ ነው። ንጹሑ ሰው ለምን ፈራ ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ ንጹሕ የሆነ ፖሊስ ዳኛ ፊት ቀርቦ ትእዛዝ ማውጣት ለምን ያስፈራዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በቂ ምክንያት ካለው ዳኛው ይፈቅድለታል፤ ሕጉ ማንኛውም ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሊሰጥ ይችላል ይላልና ሩቅ መሄድም የለበትም። ምክንያት ከሌለው ደግሞ ለምን ይገባል?

ሦስተኛ፣ ልማድ ያሠለጥናል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚፈተሽ አስባችሁታል? ባንክ በር ላይ፣ ሆቴል በር ላይ፣ ቢሮ በር ላይ «ወንድ በዚህ፣ ሴት በዚህ» ይባላል። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ካልፈለግን መመለስ እንችላለን፤ ፈንጂ የሚፈራ ሰው መፈተሹንም አይጠላም። የሚያሳስበኝ እጃችን ነው። ሳናዝዘው ይነሣል። ጥበቃው ዞር ብሎ ሻይ እየጠጣም እኛ እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን። መንገድ ላይ ማንነቱን ያልነገረን ሰው «ና ወዲህ፣ ኪስህን!» ሲለን እጃችን ቀድሞን የሚነሣው እነዚያ በሮች ስላስተማሩት ነው።

«ሽጉጥ ሽጉጥ ነው»

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ሕግ የተማሩ ሰዎች የሚሰጡኝ መልስ ከወዳጆቼ ይጠነክራል። «ፍተሻው ሕገ ወጥ ቢሆንም ሽጉጡ ተገኝቷል፤ ሽጉጥ ያለ ትእዛዝ ስለተገኘ ብረትነቱን አይለቅም። ፖሊሱን ለብቻው ቅጡት፣ ማስረጃውን ግን ተቀበሉት» ይላሉ።

መልካም። ፖሊሱን ለብቻው የቀጣው ማን ነው? ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ሽጉጡን ለዳኛው የሚያቀርበው ያው ዐቃቤ ሕግ ነው። በአንድ እጁ ፍሬውን እየበላ በሌላው ዛፉን ይቆርጣል ብዬ አልጠብቅም። ሕግን መጣስ ትርፍ እንጂ ኪሳራ ከሌለው፣ ማን ያከብረዋል?

በዚህ ላይ የሌላ አገር ሰዎች እንዴት እንደተከራከሩ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1957 ክሊቭላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ፖሊሶች በቦምብ ፍንዳታ የሚፈለግ ሰው ፍለጋ የአንዲት ጥቁር ሴት ቤት ሄዱ። ዶልሪ ማፕ ትባላለች። ጠበቃዋ ጋ ደወለችና «ትእዛዝ አምጡ» አለቻቸው። ሰዓታት ቆይተው ተጨማሪ ፖሊስ ይዘው መጡ፣ በሩን ሰብረው ገቡ። «ትእዛዙስ?» ስትል አንድ ወረቀት ከሩቅ አሳዩዋት። ወረቀቱን መንጭቃ ደረቷ ውስጥ ከተተችው! ታግለው ወሰዱባት፤ በካቴና አሰሯት። ሰውየውን ፍለጋ ገብተው ከምድር ቤት ሣጥን ውስጥ ጸያፍ የተባለ መጽሐፍና ሥዕል አገኙ፤ በእሱም አስፈረዱባት። ያ ወረቀት ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም። ምናልባትም ትእዛዝ ሆኖ አያውቅም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሰኔ 1953 ዓ.ም. ፍርዱን ሻረው፤ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በየትኛውም የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ተቀባይነት የለውም አለ።

ወራቱን ልብ በሉ። እነሱ ይህን የወሰኑት በሰኔ 1953፤ እኛ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን ያወጣነው በጥቅምት 1954። አራት ወር ገደማ ቢለያየን ነው። እነሱ በዚያ ውሳኔ ለሕጋቸው ጥርስ አበቀሉ፤ የእኛ ሕግ «ያለ ትእዛዝ አትግባ» ካለ በኋላ «ከገባህስ ያገኘኸው ምን ይሆናል?» የሚለውን ሳይመልስ አለፈ። አሜሪካኖቹ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ አላበጁበትም አልልም፤ በተለይ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊሱ በቅን ልቦና ከተሳሳተ የሚል ቀዳዳ ከፍተውበታል። ቢሆንም ፖሊሳቸው ሕገ ወጥ ፍተሻ ክሱን ሊያበላሽበት እንደሚችል ያውቃል። ማወቁ ብቻ በር ላይ እግሩን ይይዘዋል።

ይህ የፈረንጅ ሐሳብ ነው የሚለኝ ካለ፣ የራሳችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ አይሆንም እንዳለ አስታውሰዋለሁ። በጡጫ የወጣ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አንቀበልም ብለናል። መርሑን ስለ አንደበት ከተቀበልነው፣ ስለ ደጃፍ ለምን እንቢ እንላለን?

ለጸሐፊዎች ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1762 የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኞች ጆን ኤንቲክ የሚባል ጸሐፊ ቤት ገብተው ለአራት ሰዓታት ወረቀቱን ሲበረብሩ ዋሉ፤ መንግሥትን የሚሳደብ ጽሑፍ ጽፏል ተብሎ ነው። ትእዛዙን የሰጠው ሚኒስትር ነበር። ሰውየው መልእክተኞቹን ከሰሰ፤ 300 ፓውንድ ካሳም ተፈረደለት። በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ይህን የሚፈቅድ ሕግ የለም፤ «ለመንግሥት አስፈላጊ ነው» ማለትም ሕግ አይሆንም። እነሆ የነጻው ዓለም የብርበራ ሕግ የተወለደው ከሽጉጥ ክርክር ሳይሆን ከአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ነው።

ኪስ ውስጥ ያለው ቤት

የ1954ቱ ሕግ አርቃቂዎች ኪስ ሲሉ መሐረብ፣ ቢላዋ፣ ደብዳቤ ነበር የሚያስቡት። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ከቤታችን ይበልጣል። ስልካችን ውስጥ ፎቶ አለ፤ የባንክ ሒሳብ አለ፤ የጸሎት ማኅበር አባላት ስም አለ፤ ከወንድማችን ጋር የተጣላንበት መልእክት አለ። «ስልክህን ክፈት» ማለት «ኪስህን አሳይ» ማለት አይደለም። «ቤትህን፣ የወዳጆችህንም ቤት ክፈት» ማለት ነው፤ ወዳጆቻችን በሌሉበት፣ ሳይሰሙ የሚበረበሩበት ፍተሻ ነውና። የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. የተያዘ ሰው ስልክ እንኳ ያለ ትእዛዝ አይከፈትም ብሎ ወስኗል። እኛ ግን አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ አንቀጽ 26 ንዑስ ቁጥር 2 በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ብሎ ከጨረሰ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የጎደለው አንቀጹን አንሥቶ «እምቢ» የሚል ሰውና «እውነቱን ነው» የሚል ዳኛ ነው።

ምን ይደረግ?

እኔ ሕግ አርቃቂ አይደለሁም። የምጠይቀው ግን ከባድ አይደለም። በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ነገር ማስረጃ እንዳይሆን ሕጉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር። ያለ ትእዛዝ የገባ ፖሊስ ምክንያቱን ጽፎ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ያቅርብ፤ ለሰው የተሰጠው 48 ሰዓት ለቤትም ይሰጥ። የደረጃ ምስክር ሲባል ፍተሻው ሳይጀመር የተጠራ ሰው ይሁን፤ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓትም ከፊርማው አጠገብ ይጻፍ። የብርበራ ትእዛዙ ግልባጭ ለባለቤቱ ይሰጠው። በአዋጅ ዘመንም ቢሆን ፍተሻን ከአዋጁ በኋላ የሚመረምር ዳኛ ይኑር። ለዚህ ሁሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

መንግሥት ይህን እስኪያደርግ ግን እኛ እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ። ውድ አንባቢ፣ አንድ ቀን በርዎ ይንኳኳና «ለምስክርነት ይፈለጋሉ» ይባላሉ። ያን ቀን ዳቦዎ ይቀዝቅዝ። ትእዛዙን ልይ ይበሉ። ሲገኝ ያላዩትን አይፈርሙ፤ ያዩትን ብቻ፣ ካዩበት ሰዓት ጋር ይፈርሙ። ያቺ ፊርማ የጎረቤትዎ አጥር ናት። ነገ ደግሞ የእርስዎን ዝርዝር የሚፈርመው እሱ ነው።